ሃያና ሰላሳ ቦታ የተቀያየሩበት ክረምት

አሁንም ሱቄ ውስጥ አዲስ የክር ቦንዳ በቀደድኩ ቁጥር ያ ሽታ ይመጣል። የማሽን ዘይት፣ የደረቀ ጥጥና የጆንያ ሽታ ተደባልቆ ይነሳና፣ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ ዋጋ እየጠየቀኝ፣ እኔ ሳላስበው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ወደነበረው ቤታችን በረንዳ ሄጄ እቀመጣለሁ። ደንበኛው ዋጋ ለማስወደድ ዝም ያልኩ ይመስለውና ራሱ ጨመር አድርጎ ይጠራል። ሽታው በዚህ በኩል ጠቅሞኛል፣ አልዋሽም። 

አዳማ ያኔ ናዝሬት ነበረች። አባቴ እንድሪስ ከወሎ በልጅነቱ ወርዶ፣ ክር እየቸረቸረ ኖሮ፣ ገበያው ዳር የራሱን ሱቅ ከፍቶ ነበር። ደርግ መጥቶ ክር በግለሰብ እጅ መሸጡ ሲቀርና ሸማኔው ሁሉ በማህበር ሲደራጅ፣ ሱቁ የማህበሩ መጋዘን ሆነ። በከተማው ክር በደንብ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ደግሞ ከአባቴ ሌላ ስላልተገኘ፣ እሱኑ የመጋዘን ኃላፊ አደረጉት። መደርደሪያው ያው የራሱ መደርደሪያ፣ በሩም ያው የራሱ በር ሆኖ፣ ልዩነቱ ሲመሽ ቁልፉን ለማህበሩ ሊቀመንበር አስረክቦ መምጣቱ ነበር። «በገዛ ሱቄ ተቀጠርኩ» ይል ነበር፣ የሚስቅ ሰው ካገኘ። እናቴ ከድጃ ግን አትስቅም ነበር።

በበጋ የናዝሬት ነፋስ አቧራውን ከአንዱ ሰፈር አንስቶ ሌላው ሰፈር ሲያራግፍ ይውል ስለነበር፣ አባቴ ክሩ አቧራ እንዳይጠጣ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ሲወትፍ ውሎ ቤት ሲመጣ እሱ ራሱ አመድ መስሎ ይመጣ ነበር። ከዚያ እግሩን ታጥቦ በረንዳ ላይ ይቀመጥና፣ እኔ ከኪሱ ውስጥ ቁርጥራጭ ክር ስፈልግ፣ ስለ ቁጥር ያስተምረኝ ነበር። ክር በቁጥር ነው የሚጠራው። ሃያ ቁጥር ወፈር ያለው ነው፣ ለጋቢ ድር ይሆናል። ሰላሳ ቁጥር ቀጠን ያለው ነው፣ ለነጠላ ይሆናል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ለምን እንደሚቀጥን ስላልገባኝ፣ አባቴ በቀበሌ ዳቦ አስረዳኝ። «አንድ ዳቦ ለሃያ ልጅ ብታድይው የእያንዳንዱ ድርሻ ይወፍራል፣ ያንኑ ዳቦ ለሰላሳ ልጅ ብታድይው ይሳሳል። ጥጡም እንደዚያው ነው፤ ሚዛኑ አንድ ነው፣ ከሱ ብዙ ጥቅል ካወጣሽበት እየቀጠነ ይሄዳል።» ዳቦ ለመግዛት ተሰልፌ የማላውቅ ልጅ ብሆን ምናልባት አይገባኝም ነበር፤ ተሰልፌ አውቅ ስለነበር ወዲያው ገባኝ።

አጥራችን ከሸማኔው ከጋሽ ጳውሎስ ግቢ ጋር አንድ ነበር። ከጨንቻ መጥቶ ናዝሬት የሰነበተ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር፤ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ሲሸምን የመወርወሪያው ጧ ጧ ማለት ለኛ ቤት የግድግዳ ሰዓት ነበር። ጴንጤ ነበር፣ ጸሎት ቤታቸው ስለታሸገ በየቤቱ ተሰብስበው ድምፃቸውን ቀንሰው ይዘምሩ ነበር። ለዚህም አንድ ጊዜ ቀበሌ ታስሮ ሲከርም፣ ዘመዶቹ ሩቅ ስለሆኑ ምሳውን የሚያመላልስለት አባቴ ነበር። በአጥሩ መካከል አንድ ሰው አጎንብሶ የሚሾልክበት ክፍተት ነበረ፤ ማን እንደከፈተው አላውቅም፣ ከተወለድኩ ጀምሮ ተከፍቶ ነው ያገኘሁት።

ሁለቱ አንድ ወግ ነበራቸው። አዲስ ክር በመጣ ቁጥር አባቴ አንድ ዘለላ ይዞ በክፍተቱ ይገባና ለሁለት ይቆርጠዋል። እሱ የራሱን በምላሱ ያረጥብና ታችኛው ከንፈሩ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ይስበዋል፤ ከጣት ይልቅ ከንፈር አይዋሽም ይል ነበር። ጋሽ ጳውሎስ ደግሞ የራሱን ጆሮው ስር ወጥሮ እስኪበጠስ ይጎትተውና ድምፁን ይሰማል። ከዚያ ዓይን ለዓይን ተያይተው፣ እኩል፣ በአንድ አፍ ቁጥሩን ይጠራሉ። እኔ ባለሁበት ተለያይተው አያውቁም። ሲገጥምላቸው ደግሞ እንደ ልጅ ይስቁ ነበር፣ ሌላ የሚያስቅ ነገር በማይበዛበት ዘመን።

ሰኔ ሲገባ ከላይ ትዕዛዝ መጣ፤ ለመስከረሙ የአብዮት በዓል የከተማው ሴቶች አንድ ዓይነት ነጭ ነጠላ ለብሰው እንዲሰለፉ፣ ማህበሩም ነጠላውን ሸምኖ እንዲያደርስ። አባቴ ሰላሳ ቁጥር ጠየቀ። ከፋብሪካ የጫነው መኪና ሲመጣ ዝናቡ እየተንጠባጠበ፣ ወሩም ረመዳን ነበር። ቦንዳዎቹ ድርብ ተጠቅልለው በሽቦ የታሰሩ ነበሩ፤ ከፊሎቹ ላይ ሰላሳ፣ ከፊሎቹ ላይ ሃያ ተጽፏል። ከቁጥሩ ጎን አዲስ ትናንሽ የፈረንጅ ፊደላት ነበሩ፤ ማንም ልብ አላላቸውም። አባቴ ፆመኛ ስለነበር ክር በምላሱ ማርጠብ አልፈለገም። በአጥሩ ክፍተት አንገቱን አስግጎ «ጳውሎስ፣ ይህን ነገር ከፆም በኋላ እናድርገው» አለው። ጋሽ ጳውሎስም «ችግር የለም፣ ብቻዬን አልጠራም» አለ። እንደዚህ ተባብለው፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር አምነው አስገቡት። ሃያው ለጋቢ ጊዜ ይቆይ ተብሎ እንደታሸገ ከጥግ ተደረደረ።

ሰላሳው ታደለ፣ ወፈረብኝ ያለ ሸማኔ ቢኖርም ትዕዛዝ ነውና ድሩ ተዘረጋ፣ ሐምሌ ሲጋመስ የመጀመሪያዎቹ ነጠላዎች ከሸማኔዎቹ እጅ ወጡ። ነጠላ ተብለው ነበር። አንዷ ሴት ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ይሄንን ለብሼ ከምሰለፍ የሆስፒታል ፍራሽ ተሸክሜ ብሰለፍ ይሻለኛል አለች ተባለ። ወሬው ሳይውል ሳያድር ስብሰባ ተጠራ።

ስብሰባ ለሰፈሩ ልጅ ሲኒማችን ነበር፤ እኔም ከሌሎቹ ጋር መስኮቱ ላይ ተንጠልጥዬ አየሁ። የማህበሩ ሊቀመንበር ወጣት ሰው ነበር፣ ከአብዮቱ በፊት ከአባቴ ሱቅ በዱቤ የሚወስድ፤ ክፉ አልነበረም፣ ከላይ የሚጠይቁትን የሚፈራ ሰው ነበር። ክሩን ወደ ጋሽ ጳውሎስ ዘረጋ።

«ጓድ ጳውሎስ፣ በእድሜም በሙያም እርስዎ ይበልጣሉ። ይህ ክር ስንት ነው?»

ጋሽ ጳውሎስ ክሩን ጆሮው ስር አድርጎ ሳበው። ተበጠሰ። ሌላ ሳበ። ያም ተበጠሰ። «ሰላሳ ተብሎ ነው የተሰጠን» አለ።

«የተባለውን አልጠየቅኩም።»

ጋሽ ጳውሎስ ሦስተኛ ክር ሳበ። «ሃያ ነው» አለ።

ቤቱ ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ከመቀመጫው ተነስቶ መጣ፣ ከጋሽ ጳውሎስ እጅ የቀረውን ክር ወሰደ፣ ፆመኛ መሆኑን እያወቀ በምላሱ አረጠበው፣ ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሳበው። የሚዋሽበት ሙሉ ዕድል ነበረው፤ ነጋዴ ነኝና እኔ ቢሆን ምን እንደምል አውቃለሁ። እሱ ግን «ጳውሎስ እውነቱን ነው» አለ፣ «ሃያ ነው»።

«ሰላሳው የት ገባ ታዲያ?»

«የመጣው ይኸው ነው።»

ማን ያምነዋል። የቀድሞ ነጋዴ፣ ቀጭኑን ውድ ክር በጓሮ ሸጦ ወፍራሙን ርካሽ ክር በስሙ አስገባ፤ ታሪኩ ልክ ነበር፣ ማንም ሰው ሊፈጥረው የሚችል ዓይነት ታሪክ ስለነበር ለማመንም ቀላል ነበር። ነጋዴ እውነት ተናግሮ እንደዚያ ቀን ሲከስር ከዚያ ወዲያ አላየሁም። የኢኮኖሚ አሻጥር አሉት፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች መሃል አድርገውት ቀበሌ ወሰዱት። በበራችን ሲያልፍ ነጠላ ጫማውን ቀይሮ ቆዳ ጫማ እንዲያደርግ ፈቀዱለት። እናቴ ቆዳ ጫማውን አቀብላው፣ ነጠላ ጫማውን ተቀብላ በሩን ዘጋች።

የቀሩትን የረመዳን ቀናት ማፍጠሪያውን ይዘን ቀበሌ በር ላይ ዝናብ እየመታን እንቆም ነበር። ዘበኛው ደግ ከሆነ ያስገባልናል፣ ካልሆነ ራሱ ያፈጥርበታል። ኢድም እንደዚያው ሆኖ አለፈ፤ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ ወደ ቀበሌ ነው የሄድኩት። የሚያስፈራን የቀበሌው እስር ብቻ አልነበረም። ጉዳዩ ከበዓሉ በፊት ወደ አውራጃ ይተላለፋል የሚል ወሬ ነበር፣ ወደ አውራጃ የተላለፈ ሰው ደግሞ መቼ እንደሚመለስ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም፤ ከሰፈራችን የሄዱት እስካሁን ሲመለሱ አላየንም።

እናቴ በዚያ ሰሞን ከጓሮ አሮጌ ቆርቆሮ አንስታ፣ የአጥሩን ክፍተት በሚስማር መታችው። ጋሽ ጳውሎስ መዶሻውን ሰምቶ ከወዲያ በኩል ቆመ።

«እትዬ ከድጃ፣ ሃያውን ሰላሳ ነው ልበል?»

«ዝም ማለትም ነበር» አለች እናቴ፣ ሚስማር በጥርሷ እንደያዘች። «ምሳ ላመላለሰልህ ሰው ዝም ማለት ያቅታል?»

ጋሽ ጳውሎስ ወደ ሽመናው ተመለሰ። ሚስቱ በማግስቱ እንቁላል በሳህን አድርጋ አጥሩ ላይ አስቀመጠች፤ እናቴ ዝናብ እስኪሞላበት እዚያው ተወችው። የመወርወሪያው ድምፅ ከቆርቆሮው ጀርባ ቀጠለ፤ ትዕዛዝ ስለሆነ ማቆም አይችልም ነበር። ግን ድምፁ ተለውጦ ነበር፤ በወፍራም ክር ሲሸመን ጧ የሚለው ድብ ይላል። በዚያ ክረምት በየቀኑ የአባቴን ክስ ስንሰማ የከረምን ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ቤታችን እህል አለቀ። እናቴ እኔን ይዛ በሞጆና በዝዋይ አድርጋ አርሲ ነገሌ ወረደች፤ እዚያ ታናሽ እህቷ ሩቂያ አርሲ ሰው አግብታ እህል ገበያው አጠገብ ትኖር ነበር። አክስቴ አማርኛዋ ሁሉ በኦሮምኛ ተለውሶ ነበር፤ «አካም ጅርታ እህቴ፣ አካም ጅርታ» እያለች አቅፋ አስገባችን። አርሲ ነገሌ በክረምት ብርዱ አጥንት ይገባል። ዝናብ መትቶኝ ስለነበር አክስቴ ልብሴን አውልቃ አዲስ ጋቢ አለበሰችኝ። ጋቢው አላሞቀኝም። ጥርሴ ሲንገጫገጭ እናቴ ልትሸፋፍነኝ የጋቢውን ጫፍ ስባ ወደ መስኮቱ አነሳችው፣ በጨርቁ ውስጥ የራሷ ጣቶች ታዩዋት።

«ሩቂያ፣ ጋቢ ነው ያልሽኝ?»

«ዘንድሮ ጋቢ እንዲህ ሆኗል። የኛ ማህበር የመጋዘን ሰው ሃያውን ሰርቆ በምትኩ ሰላሳ አስገባ ብለው አስረውታል። ሚስቱ ስታለቅስ ነው የምትውለው፣ ምስኪን።»

እናቴ ጋቢውን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ሳቀች። ክረምቱን ሙሉ ሳቋን አልሰማሁም ነበርና ደነገጥኩ፤ አክስቴም ሐዘን ያናወዛት መስሏት ክንዷን ያዘቻት።

«ሰላሳው አይደል የሚወደደው?» አለች እናቴ። «ውዱን ክር ሰጥቶ ርካሹን የሚሰርቅ ሌባ አይተሽ ታውቂያለሽ? የኛው ቀጭኑን ሰረቀ ተብሎ ታሰረ፣ የናንተው ወፍራሙን ሰረቀ ተብሎ ታሰረ። ሁለቱ ክፍል ተጋርተው ቢታሰሩ እርስ በርስ ክር ይለዋወጡ ነበር።»

የነጋዴ ሚስት ነበረች፣ ነገሩን በነጋዴ ዓይን ነው ያየችው። ሌብነት የሚያተርፍ ነገር ነው፤ የማያተርፍ ሌብነት ካየህ ስህተት ነው ማለት ነው። ወደ ታሳሪው ሚስት ቤት ሄዳ ይህንኑ ነገረቻት፣ ስትመለስ ግማሽ ኩንታል እህል አስጭና ያንን ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጣለች። ኬላ ላይ ፈታሾቹ እህሉን አራግፈው ከፊሉን ወሰዱባት። ጋቢውን ማንም አላየውም።

ናዝሬት ስንደርስ ወደ ሊቀመንበሩ አልሄደችም። ወደ አጥሩ ሄደች። የቆርቆሮውን አንድ ጥግ በፒንሳ ነቅላ፣ ከጋቢው ዘርፍ አንድ ክር መዝዛ በቀዳዳው አሾለከችው።

«ጳውሎስ፣ ስንት ነው?»

ከወዲያ በኩል መወርወሪያው ቆመ። ክሩ ሲበጠስ እኔም ሰማሁት።

«ሰላሳ።»

«ሃያ ተብሎ የተሰጠ ነው። አርሲ ነገሌ።»

 ከዚያ ጋሽ ጳውሎስ «መጋዘኑ ጥግ ያሉት የሃያ ቦንዳዎች አልተከፈቱም» አለ። እናቴ «አዎ፣ አልተከፈቱም» አለች። አብረው፣ ግን በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ወደ ሊቀመንበሩ ሄዱ።

ሃያ ተብለው የተደረደሩት ቦንዳዎች በሊቀመንበሩ ፊት ሽቦአቸው ተቆረጠ። የወጣው ክር የሰላሳ ክር ነበር፤ ጋሽ ጳውሎስ እንኳ ጆሮው ጋ ሳያደርስ ነው የጠራው። ሊቀመንበሩ ቴሌ ሄዶ ወደ ፋብሪካው ደወለ። መልሱ አጭር ነበር፤ አዲስ ማሽን ከተተከለ ወዲህ የቁጥሩ አሠራር ተቀይሯል፣ ይህም ለበላይ አካል በስብሰባ ተነግሯል። አሁን የሚደረገው የተወሰነ ርዝመት ያለው ክር ተቆርጦ መመዘን ነው፣ የከበደው ትልቅ ቁጥር ይሰጠዋል። የድሮው ሃያ በአዲሱ ሰላሳ ይሆናል፣ የድሮው ሰላሳ ደግሞ ሃያ። በአባቴ ዳቦ ብናስረዳው፣ ዳቦውን ማደል ትተው ልጆቹን ሚዛን ላይ ማውጣት ጀመሩ ማለት ነው፤ የወፈረው ልጅ ትልቁን ቁጥር ይይዛል። ከቁጥሩ ጎን የነበሩት የፈረንጅ ፊደላትም የአዲሱ አቆጣጠር ምልክት ነበሩ። ሁለቱም አቆጣጠር ትክክል ነው። የሚነግረን ሰው ነው የጠፋው።

አባቴ መስከረም ሲጠባ፣ ከበዓሉ በፊት ተፈታ። ይቅርታ የጠየቀው የለም፤ ይልቁንም ሳያረጋግጥ ንብረት ተረክቧል ተብሎ በስብሰባ ላይ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተደረገ። ተነስቶ «የተጻፈውን አመንኩ፣ ጥፋቴ እሱ ነው» አለና ተቀመጠ። የበዓሉ ዕለት ሴቶቹ በመስከረም ፀሐይ ያንን ወፍራም ነጠላ ተከናንበው ላባቸው እየወረደ ተሰለፉ፤ ሊቀመንበሩ ለሠርቶ አደር ሴት የሚመጥን ጠንካራ ልብስ ነው ሲል በድምፅ ማጉያ ሰማነው።

አባቴ በጣም ቀጥኖ ነበር የወጣው። እናቴ ሱሪውን ወገቡ ላይ አጥብባ ሦስት ቦታ ሰፋችው። ቆርቆሮውን ግን በዚያው ሳምንት አንስታ ጣለችው፣ እንቁላልም ከዚህ ወደዚያ ተሻገረ። አባቴ ጋሽ ጳውሎስን ሲያገኘው ሰላም ይለው ነበር፣ እጁንም ይዞ ያቆየው ነበር፤ የተጣላ ሰው አይመስልም ነበር።

ጥቅምት ላይ አዲስ ክር መጣ። ያን ዕለት ጋሽ ጳውሎስ ነበር በክፍተቱ አጎንብሶ ወደኛ ግቢ የገባው፣ አንድ ዘለላ ይዞ። ለሁለት ቆረጠውና ግማሹን ለአባቴ ዘረጋ። የራሱን ጆሮው ስር ወጥሮ ጠበቀ። አባቴ ክሩን ተቀበለ፣ መዳፉ ላይ አድርጎ ትንሽ አየው፣ ከዚያ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ላዩ ላይ ተጽፏል» አለ።

ጋሽ ጳውሎስ ክሩን ሳይበጥስ እጁን አወረደ። ጥቂት ስለ ዝናቡ፣ ጥቂት ስለ ቲማቲም ተጫወቱ፣ ከዚያ በመጣበት ወጣ።

ነፋሱ ተመልሶ ሲነሳ፣ በጋው ሲገባ፣ አባቴን በረንዳው ላይ ጠየቅኩት። «አባ፣ ጋሽ ጳውሎስን ተቀይመኸዋል?»

«እሱን?» አለኝ። «እሱ እውነቱን ነው የተናገረው።» ከጫማው ላይ አቧራውን በመዳፉ ጠረገ። «እኔም እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

 ከዚያ በኋላ ሁለቱ ብዙ ዓመት ኖሩ። የጋሽ ጳውሎስ ልጅ ስትዳር ድንኳኑን የተከለው አባቴ ነበር፣ አባቴ ሲሞት ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ጋሽ ጳውሎስ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን ቁጥር በአንድ አፍ ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ አዳማ ላይ ክር የምሸጠው እኔ ነኝ፣ ቁልፉም ሲመሽ ከኔው ኪስ ይገባል። ካርቶኑ ላይ ሁለቱም ቁጥር ይታተማል፣ አንዱ በትልቁ፣ አንዱ በጥግ፤ ገበያው በድሮው ይጠራል፣ ፋብሪካው በአዲሱ ይጽፋል፣ ያልገባው ልጅ ስልኩን አውጥቶ ያሰላል። ቢሳሳትም የሚደርስበት ክሩን መመለስ ነው፣ እኔም ተነጫንጬ እቀበለዋለሁ። ሠራተኞቼ ሁሉ ማንበብ ስለሚችሉ ክር የሚነካ የለም።

አዲስ ቦንዳ ሲመጣ ግን በሩን ገርበብ አደርግና አንድ ዘለላ መዝዤ በምላሴ አረጥባለሁ፣ ታችኛው ከንፈሬ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ እስበዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አልስተውም። ቁጥሩ አፌ ላይ ይመጣል፤ ያኔ አልጠራውም፣ ከአጥሩ ወዲያ ክር እስኪበጠስ የምጠብቅ ይመስል ጆሮዬን አቆማለሁ። ከዚያ ካርቶኑን ዘወር አድርጌ የተጻፈውን አያለሁና፣ መደርደሪያ ላይ አወጣዋለሁ።